በሜሪላንድ የቤት ኢንስፔክተር ለመሆን ለጠየቁ መሐንዲስ የተሰጠ ምላሽ

የጠያቂው ጥያቄ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «በአገር ቤት በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ሰባት ዓመት በሳይት ኢንጂነርነት ሠርቻለሁ። በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ የምተዳደረውም በመኪናዬ ሰው በማመላለስ ነው። የቤት ኢንስፔክተርነት ፈቃድ፣ ማለትም ቤት ከመገዛቱ በፊት መርምሮ ጉድለቱን ለገዢው የማሳወቅ ሥራ ፈቃድ፣ ለማውጣት አስቤአለሁ። ዲግሪዬ ትምህርቱን ያስቀርልኛል ወይ? ፈተናው ምን ያህል ይከብዳል? ፈቃዱን ካገኘሁ በኋላስ ወዲያውኑ ለብቻዬ መሥራት እችላለሁ?»

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አያስቀርልዎትም የሚል ነው። ለሁለተኛው፣ ፈተናው በደንብ ለተዘጋጀ ሰው የሚያስፈራ አይደለም፤ የሚከብደው ግን እርስዎ ይከብዳል ብለው በጠበቁት በኩል ላይሆን ይችላል። ለሦስተኛው፣ ሕጉ ይችላሉ ይላል፤ እኔ ግን እባክዎ አያድርጉት እላለሁ፤ የዚህ ምላሽ አብዛኛው ክፍልም ይህን የምልበትን ምክንያት ለማስረዳት የሚውል ነው። እኔም እንደ እርስዎ ከፌሮና ከኮንክሪት ሥራ ወጥቼ ወደዚህ ሙያ የገባሁ ሰው ስለሆንኩ፣ የምጽፍልዎት መመሪያው ላይ የሰፈረውን ብቻ ሳይሆን ማንም ሳይነግረኝ ቀርቶ በሥራ ላይ የተማርኩትንም ጭምር ነው።

በቅድሚያ ሕጉ የሚጠይቀውን እንይ። በሜሪላንድ ፈቃዱን የሚሰጠው በግዛቱ የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው፣ የንብረት ገማቾችን፣ የግመታ አስተዳደር ድርጅቶችንና የቤት ኢንስፔክተሮችን በአንድነት የሚቆጣጠረው ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ ከአመልካቹ የሚፈልገው ብዙ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወይም አቻውን ማጠናቀቅዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ራሱ ባጸደቀው ተቋም የተሰጠ ቢያንስ የ72 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስዱ፣ በብዙ ግዛቶች ተቀባይነት ያለውን ብሔራዊ የቤት ኢንስፔክተሮች ፈተና እንዲያልፉና ቢያንስ የ150,000 ዶላር ሽፋን ያለው የጀኔራል ላያቢሊቲ መድን (በሥራ ላይ ሳሉ ለሚያደርሱት ጉዳት የሚቆም መድን) እንዲይዙ ይፈልጋል። ፈቃዱ ለሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ለማሳደስም በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ 30 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት መውሰድ ግዴታ ነው።

ዲግሪዎ በዚህ ስሌት ውስጥ የሚገባበት ቦታ የለም። ሕጉ የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃን ማጠናቀቅ ስለሆነ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ከ72 ሰዓቱ አንዲት ሰዓት እንኳ አይቀንስልዎትም። ይልቁንም የሚያስፈልግዎት የ12ኛ ክፍል ማስረጃዎንና ዲግሪዎን የውጭ አገር ትምህርት በሚገመግም ድርጅት አስገምግሞ በእጅ መያዝ ነው፤ ይህ ግምገማ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ሥልጠናውን ከመጀመርዎ በፊት ቢያስጀምሩት ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የምህንድስና ዲግሪዎን በዚህ አገር በራሱ መንገድ ማስመዘን ከፈለጉ፣ የመሠረታዊ ምህንድስና ፈተና ከዚያም የባለሙያ መሐንዲስነት ፈተና የሚባለው ረጅሙ ጉዞ ለእርስዎም ክፍት ነው፤ ወደ ቤት ምርመራ ስለገቡ ብቻ ያንን በር እንዲዘጉት አልመክርም። እስከዚያው ድረስ ግን የመሐንዲስነት ፈቃድ ሳይኖርዎት በቢዝነስ ካርድዎ ወይም በሪፖርትዎ ላይ «ኢንጂነር» ብለው እንዳይጽፉ አጥብቄ አሳስብዎታለሁ፤ በአገር ቤት የተለመደው ይህ የማዕረግ አጠራር እዚህ በሕግ ሊያስጠይቅዎት ይችላል።

ፈተናውን በተመለከተ፣ 200 የምርጫ ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን የሚሰጠው ጊዜ 4 ሰዓት ነው። ከ200ው 25ቱ ለወደፊት ፈተና የሚሞከሩና ውጤት የማይያዝባቸው ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ተፈታኙ አያውቅም። ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ባለው መለኪያ ይሰጣል፤ ማለፊያው 500 ነው። የወደቀ ሰው እንደገና ለመቀመጥ 30 ቀን መጠበቅ አለበት። ክፍያው በአብዛኞቹ ግዛቶች ለረጅም ዓመታት 225 ዶላር ሆኖ ቆይቷል።

እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ በዚህ ፈተና ላይ የሚሰናከለው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው መለኪያው ነው። እኛ የተማርነው በሜትር፣ በኪሎ ኒውተንና በሴልሺየስ ነው፤ እዚህ ሁሉም ነገር በኢንች፣ በጫማ፣ በፋራናይትና በፓውንድ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ አቅም በ«ቶን» ይነገራል፤ አንድ ቶን ማለት በሰዓት 12,000 ቢ ቲ ዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ሙቀት ማውጣት ማለት እንጂ የክብደት መለኪያ አይደለም። የውሃ ማሞቂያ ታንክ የደህንነት ቫልቭ በ150 ፒ ኤስ አይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ግፊት ወይም በ210 ዲግሪ ፋራናይት መክፈት እንዳለበት የሚጠይቅ ጥያቄ ሲመጣ፣ ቁጥሩን ወደ ሴልሺየስ እየቀየሩ ማሰብ ጊዜ ይገድላል፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በእነርሱ መለኪያ ማሰብን ይለማመዱ።

ሁለተኛውና ከባዱ የአስተሳሰብ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ስለ አንድ ስንጥቅ ወይም ስለ ዘመመ ቢም ይነግርዎትና «ኢንስፔክተሩ ምን ማድረግ አለበት?» ይላል። ከምርጫዎቹ አንዱ ትክክለኛ የምህንድስና መፍትሔ ይሆናል፤ እርስዎም መፍትሔውን ስለሚያውቁት እጅዎ ወደዚያ ይሄዳል። ትክክለኛው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ የታየውን መዝግቦ፣ ሊያስከትል የሚችለውን አስረድቶ፣ ጉዳዩን ብቃት ላለው ባለሙያ መምራት የሚለው ነው። ሳይት ላይ ለዓመታት የተከፈለን መፍትሔ ስለሰጠን ነው፤ በዚህ ሙያ ግን የሚከፈለን ሌላ ሰው ያላየውን አይተን በትክክል ስለነገርን ነው። ይህንን ልዩነት ለፈተናው ብለው ከያዙት ፈተናውን ያልፋሉ፤ ከልብዎ ካመኑበት ደግሞ ሥራው ላይ ያገለግልዎታል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እመጣለሁ። በሜሪላንድ ሕግ 72 ሰዓት ተምሮ ፈተናውን ያለፈና መድን የገዛ ሰው፣ ከልምድ ካለው ኢንስፔክተር ጋር አንድ ቤት እንኳ አብሮ ሳይመረምር በማግስቱ ደንበኛ ተቀብሎ መሥራት ይችላል። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለችው ቨርጂኒያ እንዲህ አታደርግም፤ ፈቃዱ እዚያ ግዴታ ከሆነበት ከሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ አመልካቹ ከክፍል ትምህርቱ በተጨማሪ በእጁ የሠራውን ማሳየት አለበት። 35 ሰዓት የተማረ ሰው በቀጥታ ክትትል ሥር የተሠሩ 50 ምርመራዎችን፣ 70 ሰዓት የተማረ ደግሞ 25 ምርመራዎችን ማቅረብ ይጠበቅበታል። የሜሪላንድ ሕግ ይህን ስላልጠየቀ ብቻ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ የእኔ እምነት ቨርጂኒያ ትክክል ናት የሚል ነው፤ ስለዚህ ሕጉ ያልጠየቀዎትን እርስዎ ራስዎን እንዲጠይቁ እፈልጋለሁ።

ለምን እንደምል በአንድ ገጠመኝ ላስረዳ። ፈቃዴን ባገኘሁበት የመጀመሪያ ዓመት በሞንጎመሪ ካውንቲ በ1980ዎቹ የተሠራ አንድ ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ለአንዲት ገዢ መረመርኩ። በቤዝመንቱ (ከመሬት በታች ባለው ወለል) ግድግዳ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነበር፤ ኮንክሪት ሲደርቅ የሚፈጠርና ምንም የማያሳስብ ነው። እኔ ግን ያደግኩበት ነገር ስለሆነ በእርሱ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ወደ አቲኩ (ከኮርኒስ በላይ ከጣሪያው ሥር ወዳለው ቦታ) ወጣሁ፤ ከጎረቤት ቤት ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ አጠገብ ያለው የጣሪያ ፕላይውድ ጠቆር ማለቱን አየሁና «በዕድሜ ምክንያት የቀለም ለውጥ አለ» ብዬ በአንድ መስመር አለፍኩት። በዚያን ጊዜ ሪፖርቶቼን ያነቡልኝ የነበሩ አንድ አንጋፋ ኢንስፔክተር ፎቶውን አይተው ደወሉልኝና «ተመልሰህ ሂድ፤ ጫፉን በእጅህ ንካው» አሉኝ። ስነካው እንደ ደረቅ ብስኩት ተፈረፈረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን በዚህ አካባቢ በተሠሩ ታውንሃውሶች፣ እሳት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በጣሪያ በኩል እንዳይዛመት ከጋራ ግድግዳው ግራና ቀኝ በአራት ጫማ ስፋት ያለው ፕላይውድ በእሳት መከላከያ ኬሚካል የተነከረ እንዲሆን ይደረግ ነበር። ኬሚካሉ በበጋ የአቲክ ሙቀት እንጨቱን ቀስ በቀስ የሚበላው ሆኖ ተገኘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሠራተኛ እግሩ ሰምጦ የሚገባበት ፕላይውድ በየሰፈሩ መለወጥ ጀመረ። ዛሬም ያልተለወጠ ይገኛል። ገዢዋ ይህን ሳታውቅ ቤቱን ብትገዛ ኖሮ፣ በዚያው ዓመት ለጣሪያ የምታወጣው ገንዘብ ለእኔ ከከፈለችኝ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሪፖርቱን አርሜ በሰዓቱ ላክሁላት። ፈቃዴ በዚያን ዕለት በኪሴ ነበር፤ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌ ነበር። የጎደለኝ የዚህን አካባቢ ቤት በብዛት ማየት ነበር።

እርስዎ በደንብ የሚያውቁት ቤት ኮለንና ቢም ያለው፣ በብሎኬት የተሞላ፣ በልስን የተሸፈነ ቤት ነው። እዚህ የሚመረምሩት ግን በአብዛኛው ከእንጨት የተዋቀረ፣ በየ16 ኢንቹ በቆሙ ቋሚዎች ላይ ድራይዎል (የጂፕሰም ሰሌዳ) የተመታበት፣ ውጭው በቪኒል ወይም በአንድ ረድፍ ጡብ የተሸፈነ ነው። ጡቡን ሲያዩ ቤቱን የተሸከመ ግድግዳ ይመስልዎታል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚሸከመው ራሱን ብቻ ነው፤ ከኋላው ያለው እንጨት ደርቆ እንዲቆይ ውሃ የሚወርድበት ክፍተትና ከሥሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ያስፈልገዋል። አንድ ሰው ያንን ቀዳዳ «ነፍሳት እንዳይገቡ» ብሎ በሲሚንቶ ደፍኖት ቢያገኙት፣ በአገር ቤት ዓይን ንጹሕ ሥራ ይመስላል፤ በዚህ ቤት ግን ጉድለት ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥተው እንዲያጠኑት የምመክረው የሙቀትና የእንፋሎት ነገር ነው። በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ማሞቂያ የለም፤ ስለዚህ በክረምት ከቤት ውስጥ የሚወጣ ሞቃት አየር ቀዝቃዛ እንጨት ላይ ደርሶ ጤዛ መሆኑን፣ ያ ጤዛ ከወራት በኋላ ሻጋታ መሆኑን በዩኒቨርሲቲ አልተማርንም። የመታጠቢያ ቤት የአየር ማውጫ ቧንቧ ወደ ውጭ በመውጣት ፈንታ አቲክ ውስጥ ተለቆ ሲያገኙ፣ ከኮርኒስ በላይ ያለው ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚነጠፈው) የጣሪያውን የአየር መግቢያ ሲደፍነው፣ የጋዝ ፈርነስ (የቤት ማሞቂያ) የጭስ ማውጫ ተላቅቆ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ መኖሪያ ክፍል ሊገባ የሚችልበት ሁኔታ ሲኖር፣ እነዚህን የሚለዩት ከመጽሐፍ ይልቅ ከሚያሳይዎት ሰው ጋር ብዙ አቲክና ብዙ ቤዝመንት ሲያዩ ነው።

ኤሌክትሪኩም እንደዚሁ ነው። ከ220 ቮልት ዓለም ለመጣ ሰው፣ ሁለት 120 ቮልት መስመሮች በአንድነት 240 ቮልት የሚሆኑበት አሠራር መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ከዋናው ፓነል (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን) በታች ባሉ ንዑስ ፓነሎች ውስጥ የኒውትራሉና የመሬት ሽቦው መለያየት እንዳለባቸው፣ በመታጠቢያ ቤት፣ በኩሽናና በውጭ ያሉ ሶኬቶች ወደ 5 ሚሊ አምፒር የሚጠጋ ፍሳሽ ሲያገኙ የሚያቋርጥ መከላከያ እንደሚያስፈልጋቸው ማወቅ ግድ ነው። ከ1965 እስከ 1973 አካባቢ በተሠሩ ቤቶች የአሉሚኒየም ሽቦ፣ ከ1978 እስከ 1995 በተሠሩት ደግሞ ፖሊቢዩቲሊን የሚባለው ግራጫ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ሊያጋጥምዎት ይችላል። ፌዴራል ፓሲፊክ የሚል ስም ያለበት የብሬከር ሳጥን ሲያዩ፣ ብሬከሮቹ በሚፈለጉበት ሰዓት ላያቋርጡ እንደሚችሉ በሙያው የታወቀ ስለሆነ፣ ሳይጽፉ እንዳያልፉ። የቤቱን የግንባታ ዓመት በሩን ከመክፈትዎ በፊት ማወቅ የግማሹን ምርመራ አቅጣጫ ይወስናል።

ልምድዎ በትክክል የሚጠቅምዎት ቦታም አለ፤ እርሱም ውሃ ነው። ውሃ እዚያም እዚህም ቁልቁል ነው የሚሄደው። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ከግድግዳው በመጀመሪያዎቹ 10 ጫማዎች ውስጥ ቢያንስ 6 ኢንች ዝቅ ማለቱን፣ አሸንዳው ውሃውን ከመሠረቱ አርቆ መጣሉን፣ በብሎኬት ግድግዳ ላይ ያለው አግዳሚ ስንጥቅ የአፈር ግፊት መሆኑንና ደረጃ ሠርቶ የሚወጣው ስንጥቅ ደግሞ የመሠረት መስመጥን ሊያመለክት እንደሚችል ከብዙ እዚህ ከተወለዱ ጀማሪዎች በተሻለ ያያሉ። ዴክ (ከቤቱ ጋር የተያያዘ የእንጨት በረንዳ) ላይም እንዲሁ፣ ከቤቱ ጋር የሚያያዘው ጣውላ በምስማር ብቻ ተመትቶ ብሎን ሳይኖረው ሲያገኙት፣ ሸክም እንዴት እንደሚተላለፍ ስለሚያውቁ አደጋውን ለመረዳት ጊዜ አይወስድብዎትም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የ72 ሰዓቱን ሥልጠና በሚወስዱበት ወቅት ልምድ ያለው ኢንስፔክተር ፈልገው አብረው ለመውጣት ይጠይቁ፤ መሰላል በመሸከምም ሆነ ፎቶ በማንሳት ያግዙ፤ ያለ ክፍያም ቢሆን ይሂዱ። በሙያ ማኅበራት ስብሰባዎች ላይ መገኘት እንዲህ ያለ ሰው ለማግኘት ይረዳል፤ በ1976 የተመሠረተው የአሜሪካ የቤት ኢንስፔክተሮች ማኅበር አንዱ ነው። ለብቻዎ ደንበኛ ከመቀበልዎ በፊት ከ30 ያላነሱ ቤቶችን ከሰው ጋር ቢያዩ፣ ከእነዚህም ቢያንስ ለ10ሩ ሙሉ ሪፖርት ጽፈው ልምድ ባለው ሰው ቢያስታርሙ ደስ ይለኛል። ይህ የእኔ ቁጥር እንጂ የሕግ ቁጥር አይደለም። ከአገር ልጆች ውስጥ ይህን የጠየቁኝ ብዙዎች «ያለ ክፍያ ሦስት ወር መሥራት እንዴት ይቻላል?» ይሉኛል፤ ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው የሚያቀርበው ነው። ለዚህም ነው የማመላለስ ሥራዎን እንዳይተዉ የምነግርዎት። ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ስለሚካሄድ፣ ጠዋት ቤት እያዩ ማታ መንዳት የሚቻል ነገር ነው፤ በፀደይና በበጋ ወራት ሥራ እንደሚበዛ፣ በክረምት ግን ሥራው እንደሚቀዘቅዝም በሂሳብዎ ያስገቡ።

ስለ ሪፖርት በተለይ ልናገር፤ በዚህ ሙያ የሚሸጠው ዕቃ እርሱ ነውና። በሜሪላንድ ሕግ፣ ከደንበኛው ጋር የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ሪፖርቱ ምርመራው ከተካሄደ በኋላ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መድረስ አለበት፤ ምን እንደተመረመረና ምን እንዳልተመረመረ፣ ምን እንደታየ፣ የፈቃድ ቁጥርዎም ይኖርበታል። በተግባር ግን ገዢው በውሉ የተሰጠው የምርመራ ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚሆን ሪፖርቱን በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠብቃል። «ጣሪያው አርጅቷል» ብሎ መጻፍ ሪፖርት አይደለም። «በስተኋላ በኩል ባለው ተዳፋት ላይ ያሉት ሺንግሎች (የጣሪያ ክዳኖች) ጠርዛቸው ተጠቅልሏል፣ በሦስት ቦታም ጎድለዋል፤ በዚህ በኩል ውሃ ወደ ፕላይውዱ ሊገባ ይችላል፤ ከክሎዚንግ (ከሽያጩ መዝጊያ) በፊት የጣሪያ ባለሙያ አይቶ የጥገናውን ዋጋ እንዲነግርዎት እመክራለሁ» የሚለው ሪፖርት ነው። የታየው፣ የሚያስከትለውና የሚደረገው በአንድ ቦታ አለ። ይህን በእንግሊዝኛ አጥርቶ መጻፍ ለብዙዎቻችን ከፈተናው ይልቅ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከአሁኑ ራስዎ የሚኖሩበትን ቤት ወይም አፓርታማ ክፍል በክፍል እየዞሩ በየቀኑ አምስት አምስት ግኝት በመጻፍ ይለማመዱ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ የማኅበረሰባችን ጉዳይ አለ። ደንበኞችዎ መጀመሪያ የአገር ልጆች መሆናቸው አይቀርም፤ ቋንቋችንን በመናገርዎ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ብዙ እናቶችና አባቶች በሕይወታቸው የገዙትን ትልቁን ነገር ምንነት በአማርኛ የሚያስረዳቸው ሰው አግኝተው አያውቁም። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የጻፉትና በአማርኛ የተናገሩት እንዳይለያዩ ይጠንቀቁ። በሪፖርቱ ላይ «በመሠረቱ ግድግዳ ላይ መሐንዲስ ሊያየው የሚገባ እንቅስቃሴ አለ» ብለው ጽፈው፣ በሩ ላይ ሲሰናበቱ «አይዞዎት፣ ቤቱ ጥሩ ነው» ካሉ፣ ሰውየው የሚሰማው የኋለኛውን ነው። ሰውን ማጽናናት ባህላችን ነው፤ እንዲህ ባለ ቦታ ግን ማጽናኛው ሰዎችን ይጎዳል። ቤቱን ያገናኘው ኤጀንትም (ደላላም) የአገር ልጅ ወይም ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ «እባክህ ሽያጩን እንዳታበላሽብን» የሚል ቃል መስማትዎ አይቀርም። ደንበኛዎ ግን የከፈለዎት ገዢ ነው። በሙያ ማኅበራት የሥነ ምግባር ደንብ ሥራ ላመጣልዎት ኤጀንት ኮሚሽን መክፈል የተከለከለ ነው፤ የመረመሩትን ቤት ጉድለት እስከ አንድ ዓመት ድረስ በክፍያ ራስዎ መጠገንም እንዲሁ። የግንባታ ሰው ስለሆኑ «አንተው አስተካክልልኝ» መባልዎ አይቀርም፤ እምቢ ማለትን ከመጀመሪያው ቀን ይለማመዱት።

ፈቃዱ የማይሸፍናቸውን ነገሮችም ማወቅ ይኖርብዎታል። የምስጥና ሌሎች እንጨት በል ነፍሳት ምርመራ በግዛቱ የግብርና መሥሪያ ቤት የሚመራ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ሬዶን የሚባለው ከመሬት የሚወጣ ጋዝ በመደበኛው ምርመራ ውስጥ አይካተትም፤ ነገር ግን በሞንጎመሪ ካውንቲ ከጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ቤተሰብ የሚሆን ቤት ሲሸጥ የሬዶን ምርመራ መደረግ ስላለበት ደንበኞች ይጠይቁዎታል፤ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማስተካከያ እንዲደረግ የሚመክርበት መጠን በሊትር አየር 4 ፒኮኪዩሪ (የጨረር መለኪያ) ነው። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ያለው ቀለም ሊድ ሊኖርበት እንደሚችልም ለገዢው ማስታወስ እንጂ እርስዎ መርምረው መወሰን የለብዎትም።

ስለ መድን አንድ ነገር ልንገርዎት። ሕጉ የሚጠይቀው ጀኔራል ላያቢሊቲ የሚሸፍነው እርስዎ በምርመራ ላይ ሳሉ የሚያደርሱትን ጉዳት ነው፤ ለምሳሌ አቲክ ውስጥ እግርዎ ስቶ ኮርኒሱን ቢያፈርሱ። ሳያዩት ለቀረ ጉድለት ደንበኛው ሲከስዎ የሚቆምልዎት ግን የሙያ ስህተት መድን የሚባለው ሌላ ነው። በሜሪላንድ ለፈቃዱ ግዴታ ባይሆንም ያለ እርሱ አንድም ቤት እንዳይመረምሩ፤ ከዚህ በላይ የገለጽኩት ፕላይውድ ሳይታረም አልፎ ቢሆን ኖሮ እኔን የሚያድነኝ እርሱ ብቻ ነበር። ከምርመራው በፊት የሥራውን ወሰን የሚገልጽ ውል ማስፈረምም የዚሁ ጥንቃቄ አካል ነው።

በቅደም ተከተል ረገድ፣ ለማንኛውም ትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ስሙ ኮሚሽኑ ባጸደቃቸው ተቋማት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ከኮሚሽኑ ድረ ገጽ ያረጋግጡ፤ በሌላ ግዛት የሚሠራ ሥልጠና በርካሽ ስለተገኘ ብቻ ሜሪላንድ ይቀበለዋል ማለት አይደለም። ሥልጠናውን እንደጨረሱ፣ የተማሩት ሳይረሳ ሁለት ወር ያህል አጥንተው ይፈተኑ። መድኑን ፈተናውን ካለፉ በኋላ ይግዙ፤ ቀድመው ከገዙት የማይሠሩበትን ወራት ይከፍላሉ። ለመሣሪያ ጥሩ መሰላል፣ ጠንካራ የእጅ ባትሪ፣ የእርጥበት መለኪያና የሶኬት መፈተሻ ይበቃዎታል፤ ውድ የሆነውን የሙቀት ካሜራ ማንበቡን እስኪማሩ ድረስ አይግዙት። በአሌክሳንድሪያ ወይም በፌርፋክስ የሚኖሩ ዘመዶችዎ ቤት ሲገዙ ቢጠሩዎትም፣ የሜሪላንድ ፈቃድ ወንዙን እንደማይሻገር ያስታውሱ፤ ቨርጂኒያ የራሷን ፈቃድና ቢያንስ የ250,000 ዶላር የላያቢሊቲ መድን ትጠይቃለች። ያን ጊዜ ከአንጋፋው ኢንስፔክተር ጋር አብረው ያዩዋቸው ቤቶች ዝርዝር፣ ቀኑ፣ አድራሻውና የባለሙያው ፊርማ በእጅዎ ካለ ለማመልከቻው ሊጠቅምዎት ይችላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ እያስፈረሙ ያስቀምጡት።